«ለኮምፒውተር ምን ይጠቅማል?» በር ላይ አይጠየቅ፦ ለጉባኤው አመራር ግልጽ ደብዳቤ

ለጉባኤው አመራር ኮሚቴ እና ለፕሮግራም ኮሚቴው ሰብሳቢዎች

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ኮምቢናቶሪክስንና (ነገሮች እንዴት እንደሚቆጠሩ፣ እንደሚደረደሩና እንደሚያያዙ የሚያጠናውን ሒሳብ) ንድፈ ሐሳባዊ ኮምፒውተር ሳይንስን በሚያገናኘው ጉባኤያችሁ ላይ ለዓመታት ጽሑፍ ስናቀርብ፣ ስንገመግምና ስናዳምጥ የቆየን ሰዎች ነን። ከመካከላችን የዶክትሬት ተማሪዎች አሉ። ዲግሪያቸውን ጨርሰው ቋሚ ሥራ የሚፈልጉ አሉ። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩም አሉ። አብዛኞቻችን ከኮምቢናቶሪክሱ ጎራ ነን። ከአልጎሪዝሙ (ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ የሚከተለው የአሠራር ስልት) ጎራ፣ ማለትም ከኮምፒውተር ሳይንሱ፣ ያሉ ባልደረቦቻችንም አብረውን ቆመዋል።

መነሻችን ለቀጣዩ ጉባኤ ያወጣችሁት የጽሑፍ ጥሪ ነው። ጥሪው ከወትሮው የተለዩ ደንቦችን ይዞ መጥቷል። ማንኛውም የኮምቢናቶሪክስ ጽሑፍ ለኮምፒውተር ሳይንስ ያለውን ጥቅም የሚያስረዳ ክፍል እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። የገጽ ገደቡ ወደ 12 ወርዷል፤ አባሪ ማያያዝም ተከልክሏል። የክፍት ጥያቄዎች ምሽት ከፕሮግራሙ ወጥቷል። በርቀት ማቅረብ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሲወሰን የጠየቀን የለም። ባለፈው ጉባኤ መጨረሻ ላይ በተደረገው የተሳታፊዎች ስብሰባም አልተነሳም። እኛም እንደማንኛውም ሰው ከጥሪው ላይ ነው ያነበብነው።

ቅሬታችንን በየተራ እናስረዳ። በጣም ከከበደን እንጀምር።

አንደኛው ጉዳይ የጥቅም ክፍሉ ነው። በአዲሱ ደንብ መሠረት የኮምቢናቶሪክስ ጽሑፍ አቅራቢ ውጤቱ ለኮምፒውተር ሳይንስ ምን እንደሚፈይድ ይጽፋል፤ ገምጋሚውም ለዚያ ክፍል ለብቻው ነጥብ ይሰጣል። ከአልጎሪዝሙ ጎራ የሚመጣ ጽሑፍ ግን ለኮምቢናቶሪክስ ምን እንደሚፈይድ አይጠየቅም። ከሁለት ወገን ከሚመጡ መንገደኞች አንዱ ወገን ብቻ ፓስፖርት የሚጠየቅበት ኬላ ሆኗል።

ደንቡ ገና ሳይወጣ መንፈሱ ባለፈው ዙር ግምገማ ላይ ታይቷል። አንዲት አባላችን ሦስት ማዕዘን ስለሌላቸው ግራፎች አወቃቀር አዲስ ውጤት አስገባች፤ ግራፍ የምንለው ነጥቦችንና እነሱን የሚያያይዙ መስመሮችን ነው። ሦስቱም ገምጋሚዎች ማረጋገጫው ትክክል ነው አሉ። ሁለቱ አዲስነቱን መሰከሩ። ሦስተኛው ግን አልጎሪዝሙ የት አለ ብሎ ጠየቀ፤ ጽሑፉም በዚሁ ምክንያት ወደቀ። ጽሑፉ ከርዕሱ ጀምሮ አልጎሪዝም አለኝ ብሎ አያውቅም።

ሌላ አባላችን ደግሞ በአማካሪው ምክር ፔፐሩ መጨረሻ ላይ ስለ ኔትወርክ ንድፍ አንድ አንቀጽ ጨመረ። ራሱም የማያምንበት አንቀጽ ነው። ፔፐሩ አለፈ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያንኑ አንቀጽ ለይቶ አሞገሰው። መጀመሪያ ስንሰማ ሳቅን። ቆየት ብለን ስናስበው ግን ሳቁ ጠፋ። አዲሱ ደንብ የሚያደርገው ይህንኑ አንቀጽ ለሁሉም ግዴታ ማድረግ ነው። የሚያስመስል ያልፋል፤ ውጤቴ ስለ ግራፍ ነው ብሎ በቀጥታ የጻፈ ይወድቃል።

ጥቅም አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ጥያቄው ጥቅሙ መቼ ይታያል የሚለው ነው። በዚህ መስክ ታሪክ ውስጥ መልሱ ብዙ ጊዜ «ከአሥርት ዓመታት በኋላ» የሚል ነው። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታስተምሩታላችሁ። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን የረሳው ስለሚመስለን ጥቂት እናስታውስ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሱፍ አበባን እንውሰድ። ጥቂት ስብስቦች የሱፍ አበባ ሠሩ የሚባለው ማናቸውም ሁለቱ የሚጋሩት ነገር ሁሉም የሚጋሩት ሲሆን ነው። የጋራው ክፍል መሃል ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው እንደ አበባው ቅጠል ዙሪያውን ይዘረጋል። በ1960 የሒሳብ ሊቃውንቱ ፖል ኤርዶሽና ሪቻርድ ራዶ፣ መጠናቸው የተወሰነ ስብስቦች በበቂ ሁኔታ ከበዙ የሱፍ አበባ ከመካከላቸው አይጠፋም ብለው አረጋገጡ። ጥያቄው ንጹህ የስብስብ ጥያቄ ነበር። ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአቅራቢያው አልነበረም።

በ1985 አሌክሳንደር ራዝቦሮቭ «አይደለም» የሚል በር የሌላቸው ሰርኪቶች (ሰርኪት ከትንንሽ የአመክንዮ በሮች የተሠራ የስሌት ንድፍ ነው) በአንድ ግራፍ ውስጥ ትልቅ ክሊክ፣ ማለትም ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ ነጥቦች መኖራቸውን ለመለየት እጅግ ግዙፍ መሆን እንዳለባቸው አሳየ። በሰርኪት ውስብስብነት ታሪክ ከሚጠቀሱት ውጤቶች አንዱ ነው። በማረጋገጫው እምብርት ላይ የሱፍ አበባው ሐሳብ ይገኛል። ከ1960 እስከ 1985 ሃያ አምስት ዓመት ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አላቆመም። ስብስቦቹ ስንት ሲሆኑ ይበቃል የሚለው የኤርዶሽና የራዶ ወሰን ብዙ ሊሻሻል እንደሚችል ይጠረጠር ነበር፤ ለአሥርት ዓመታት ግን ብዙም ፈቀቅ አላለም። በ2019 ራያን አልዋይስ፣ ሻቻር ሎቬት፣ ኬዌን ዉ እና ጂያፔንግ ዣንግ ትልቅ እመርታ አሳዩ። ከአራቱ መካከል የኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች አሉ፤ ወደ ጥያቄው ያደረሳቸውም የዚያው መስክ ሥራ ነው። የእነሱ ዘዴ ደግሞ ወዲያው ወደ ኮምቢናቶሪክስ ተመለሰ። ፍራንክስተን፣ ካን፣ ናራያናንና ፓርክ ወስደው በዘፈቀደ በሚሠሩ ግራፎች ውስጥ አንድ ባሕርይ መቼ መታየት እንደሚጀምር የሚተነብየውን የካንና የካላይን መላምት ላላ ባለ ቅርጹ አረጋገጡበት። በ2022 ጂንዮንግ ፓርክና ሁይ ቱዋን ፋም ሙሉውን መላምት በጥቂት ገጾች ዘጉት። አንድ ሐሳብ ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው ሄዶ፣ ዳብሮ፣ ተመልሶ መጣ። ይህ ጉባኤ የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ምልልስ አልነበረም እንዴ?

እስቲ አስቡት። ኤርዶሽና ራዶ በ1960 የጥቅም ክፍሉን ምን ብለው ይሞሉት ነበር? ነጥብስ ስንት ያገኙ ነበር?

ሌላው ከዚህም ይበልጥ ይነካናል፤ ምክንያቱም ጥያቄው ከኮምቢናቶሪክስ ሰዎች ተነስቶ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ በኩል ዞሮ፣ መልሱ እንደገና ከኮምቢናቶሪክስ ሰው የተገኘ ነው። በ1988 ፋን ቹንግ፣ ዞልታን ፉሬዲ፣ ሮናልድ ግራሃምና ፖል ሲይሞር ስለ ባለ ብዙ ልኬት ኩብ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ጠየቁ። ከኩቡ ማዕዘኖች ከግማሽ በላይ ብንመርጥ፣ ከተመረጡት አንዱ የግድ ስንት የተመረጡ ጎረቤቶች ይኖሩታል? አንድ ብልህ ምርጫ ሠርተው ቁጥሩ ከልኬቱ ስኩዌር ሩት ገደማ እንደማይዘል አሳዩ። ቢያንስ ይህን ያህል ይኖራል ብለው ማረጋገጥ የቻሉት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ክፍተቱ እንዳለ ቀረ።

በ1992 ኖም ኒሳንና ማሪዮ ሴጌዲ ከኮምፒውተር ሳይንስ ወገን የ«ሴንሲቲቪቲ» መላምት የሚባለውን አነሱ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም የሆነ ፈንክሽን አንዲት ግብአት ስትቀየር ምን ያህል እንደሚነካ የሚለካው መጠን ከሌሎቹ የውስብስብነት መለኪያዎች ጋር ይቀራረባል ወይ የሚል ነው። በዚያው ዓመት ክሬግ ጎትስማንና ናቲ ሊኒያል ይህ ጥያቄ ከኩቡ ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ዝም። በ2019 ሃኦ ሁዋንግ መላምቱን አረጋገጠ። የማረጋገጫው ዋና ክፍል ሁለት ገጽ ገደማ ነው። መሣሪያውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሊከተለው የሚችል የማትሪክስ ሥራ ነው። የ1988ቱ ጽሑፍ ዛሬ ለእናንተ ቢገባ፣ አልጎሪዝሙ የት አለ በሚለው ገምጋሚ እጅ ይወድቅ ነበር።

ላስሎ ሎቫስ ከኤርዶሽ ጋር በ1975 ያሳተመው፣ ሎካል ለማ የተባለው ውጤትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አንድ ነገር መኖሩን ያረጋግጣል፤ እንዴት እንደሚገኝ ግን አይናገርም። ሮቢን ሞሰር በ2009፣ ቀጥሎም ከጋቦር ታርዶሽ ጋር፣ ቀላልና ፈጣን አልጎሪዝም እስኪያገኝለት ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በመሃል በ1991 የዮዜፍ ቤክ ሥራ ነበር፤ እሱም ከ16 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። በ2021 ሎቫስና አቪ ዊግደርሰን ከሒሳብ ትልልቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የአቤል ሽልማትን የተጋሩት ለንድፈ ሐሳባዊ ኮምፒውተር ሳይንስና ለዲስክሪት ሒሳብ (ኮምቢናቶሪክስ የዚህ አካል ነው) ባበረከቱት መሠረታዊ አስተዋጽኦ ነው። ሸላሚዎቹ ሁለቱን መስኮች በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠሩ፣ ሁለቱን ለማገናኘት የተቋቋመው ጉባኤ አንዱን በር ላይ ያስቆማል። ግራ ያጋባል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር በአጭሩ። በአሁኑ የፕሮግራም ኮሚቴ ዝርዝር ውስጥ ዋና ሥራው ኤክስትሪማል ኮምቢናቶሪክስ (ስብስብ ወይም ግራፍ ምን ያህል ሊተልቅ ወይም ሊያንስ እንደሚችል የሚጠይቀው ዘርፍ) የሆነ ሰው ፈልገን አላገኘንም። ጽሑፉን የሚያነበው ሰው መስኩን ካላወቀ፣ ጥቅሙ ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ አይገርምም። ሌላ የሚጠይቀው ምን አለው?

ሁለተኛው ጉዳይ የገጽ ገደቡ ነው። አጭር ጽሑፍ እኛም እንወዳለን። ከላይ የጠቀስነው የሁዋንግ ማረጋገጫ ማንኛውም ገደብ ውስጥ ይገባል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሁሉም ማረጋገጫ እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። የኒል ሮበርትሰንና የፖል ሲይሞር የግራፍ ማይነር ተከታታይ ከ1983 እስከ 2004 በ20 ጽሑፎች ወጣ፤ በድምሩ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ገጽ የወጣው ውጤት ለአልጎሪዝም ሰዎች ትልቅ ስጦታ ነበር። ወደ ማይነር (ከግራፉ ነጥብና መስመር በማጥፋት ወይም የተያያዙ ነጥቦችን በማዋሃድ ወደሚገኝ ትንሽ ግራፍ) ስንወርድ የማይጠፋ ማንኛውም የግራፍ ባሕርይ በፖሊኖሚያል ጊዜ፣ ማለትም ግራፉ ሲያድግ ከመጠን በላይ በማይንር ጊዜ፣ ሊፈተሽ ይችላል የሚል ነው። ማንም ያንን በ12 ገጽ ጻፉት አላላቸውም።

የእኛ ችግር ከዚህ ያነሰ ነው፤ ግን ያው ችግር ነው። አንድ አባላችን ብዙ ንዑስ ሁኔታዎችን አንድ በአንድ የሚያይ ማረጋገጫ ነበረው። ገደቡ ያኔም ጠባብ ስለነበር ግማሾቹን ወደ አባሪ አወጣቸው። ገምጋሚው አባሪውን የማንበብ ግዴታ የለብኝም ብሎ ተወው፤ ቀጥሎም ማረጋገጫው የተሟላ አይደለም ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ግምገማ ውስጥ ናቸው። አሁን ደግሞ አባሪው ራሱ ተከልክሏል። እንግዲህ የቀሩት ንዑስ ሁኔታዎች የት ይግቡ? ሙሉውን ቅጂ በቅድመ ኅትመት ድረ ገጽ ላይ አውጡት ትሉን ይሆናል። ይወጣል። ግን ገምጋሚው ካላየው የገመገመው ምኑን ነው?

በጥንቃቄ የማንበብን ዋጋ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ላስሎ ባባይ በኅዳር 2015 ሁለት ግራፎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ለመለየት ኳዚ ፖሊኖሚያል (ከፖሊኖሚያል ጥቂት የሚበልጥ) ጊዜ ይበቃል ብሎ አስታወቀ። ጽሑፉ ከ80 ገጽ በላይ ነው። በጥር 2017 ሃራልድ ሄልፍጎት ሥራውን በሴሚናር ሊያቀርብ ሲዘጋጅ በዝርዝር አነበበውና ስህተት አገኘ። ባባይ በቀናት ውስጥ አስተካከለው፤ ውጤቱም ቆመ። ማንም አላፈረም፤ ማንም አልተጎዳም። ስህተቱ የተገኘው ግን ሙሉው ማረጋገጫ ተጽፎ ስለነበረና ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ስለነበረ ነው። በ12 ገጽ ማጠቃለያ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት አይታይም። ተደብቆ ይኖራል።

የሒሳብ ዲፓርትመንት ውስጥ ላለነው ሌላም ጣጣ አለ። እዚያ የሚቆጠረው የመጽሔት ጽሑፍ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ባልደረቦቻችን በጉባኤ ጽሑፍ ሥራ ይቀጠራሉ፤ እኛ አንቀጠርም። በዚያ ላይ አንዳንድ የሒሳብ መጽሔት አዘጋጆች የተቆረጠው የጉባኤ ቅጂ በጉባኤው የጽሑፎች መድበል ውስጥ ከወጣ በኋላ ውጤቱ ታትሟል ብለው ሙሉውን አይቀበሉም። አንዲት ወጣት አባላችን ይህ ደርሶባታል። የታተመው ቅጂ ማረጋገጫው የለውም፤ ማረጋገጫ ያለው ቅጂ ደግሞ የሚያትመው አጣ። ሌሎች ጉባኤዎች ለዚህ መላ አላቸው። ደራሲው ከፈለገ መድበሉ ውስጥ አንድ ገጽ አጽሕሮት ብቻ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ። እናንተ ጋ ይህ አማራጭ የለም።

ሦስተኛው የክፍት ጥያቄዎች ምሽት ነው። ከፕሮግራሙ የወጣው በጊዜ ጥበት መሆኑን ጥሪው ይናገራል። በቦታው የገባው ግን የስፖንሰሮች ገለጻ ነው። ይህን ባናነሳው ይሻል ነበር፤ ግን አንስተነዋል።

ምሽቱን ያላየ ሰው ላይረዳው ይችላል። አንድ ሰው ተነስቶ ሰሌዳው ላይ መመለስ ያቃተውን ጥያቄ ይጽፋል። ጥቂት ደቂቃ ያስረዳል። ከዚያ የሌላኛው መስክ ሰው ከኋላ ወንበር ሆኖ «ይህ እኮ እኛ ጋ ሌላ ስም አለው» ይላል። ከአባሎቻችን ጽሑፎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ከሁለቱም ወገን ደራሲ ያላቸው፣ የተወለዱት እዚያ ነው። በተራው ገለጻ ላይ ሰው ያለቀ ሥራውን ያሳያል። በምሽቱ ላይ ያላለቀውን ያሳያል። ተማሪም ከስመ ጥሩ ፕሮፌሰር እኩል ሰሌዳው ጋ የሚቆምበት ብቸኛ ሰዓት ነበር።

እንዲህ ያለ የወግ ሰዓት ምን እንደሚያፈራ ለማወቅ ወደ 1972 መመለስ ነው። ኤርዶሽ፣ ቫንስ ፋበርና ሎቫስ ሻይ ግብዣ ላይ ተገናኝተው አንድ ጥያቄ አነሱ። ቀላል መስሏቸው ነበር። ጥያቄው በአንድ መልኩ ስለ ኮሚቴዎች ስለሆነ ለእናንተ ይስማማል። 10 ኮሚቴዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ 10 አባላት አሉት። ማናቸውም ሁለት ኮሚቴዎች ከአንድ በላይ የጋራ አባል የላቸውም። ሁሉም በየተራ የሚሰበሰቡት 10 ወንበር ባለበት አንድ ክፍል ነው። እያንዳንዱ ሰው በየትኛውም ስብሰባው ላይ ያው የራሱ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል? በ10 ፋንታ ሌላ ማንኛውም ቁጥር ሲገባስ? ኤርዶሽ ለመፍትሔው መጀመሪያ 50 ዶላር መደበ፤ ጥያቄው እንዳሰበው ቀላል አለመሆኑን ሲያይ ወደ 500 ከፍ አደረገው። በ2021 ካንግ፣ ኬሊ፣ ኩን፣ ሜቱኩና ኦስትሁስ ቁጥሩ በቂ ትልቅ ሲሆን መልሱ አዎ መሆኑን አረጋገጡ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያ መካከል ሰዎች ጥያቄውን ሲሞክሩ የተማሩት ዘዴ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ የሻይ ወግ ነው። የስፖንሰር ገለጻ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲወልድ እስካሁን አላየንም።

አራተኛው በአካል የመገኘት ግዴታ ነው። አዲሱ ደንብ ከደራሲዎቹ አንዱ በአካል ካልመጣ ጽሑፉ ከመድበሉ ይወጣል ይላል። በዚያው ጥሪ ላይ ደግሞ የተቀባይነት መልስ የሚነገርበት ቀን ወደ ጉባኤው እንዲጠጋ ተደርጓል። ሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ጊዜ ከስድስት ሳምንት ያንሳል። ቪዛ የማያስፈልገው ሰው ይህን ሲያነብ ምንም አይሰማው ይሆናል። ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ግን ጥሪውን ሲያነብ ጽሑፉ እንደወደቀ ያውቃል፤ ገና ሳያስገባ።

ባለፈው ጊዜ አንድ አባላችን የቪዛ ቀጠሮው ከጉባኤው መዝጊያ በኋላ ወደቀበት። በርቀት አቀረበ፤ ጥያቄዎችን መለሰ፤ ከአድማጮቹ ከአንዱ ጋርም ዛሬ አብሮ ይሠራል። በአዲሱ ደንብ ቢሆን ጽሑፉ አይኖርም ነበር። ሌላዋ አባላችን ጨቅላ ልጅ ነበራትና መጓዝ አልቻለችም። እሷም በርቀት ነው ያቀረበችው። በአካል መገናኘት እንደሚሻል ከእኛ በላይ የሚያምን የለም፤ ስለ ክፍት ጥያቄዎች ምሽት የጻፍነውን እዩ። ሆኖም የማይችለውን ሰው መቅጣት የሚችለውን አያበዛም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አንልም። የተማሪ የምዝገባ ክፍያ ከፍ ብሏል፤ የጉዞ ድጎማው ግን በጥሪው ላይ አልተጠቀሰም። መኖሩ ወይም መቅረቱ በግልጽ ይነገረን። መድበሉም የሚነበበው በክፍያ ብቻ ነው። በመስካችን ይህ የግድ አይደለም። ዘ ኤሌክትሮኒክ ጆርናል ኦቭ ኮምቢናቶሪክስ ከ1994 ጀምሮ ደራሲንም አንባቢንም ሳያስከፍል ይወጣል። በጀርመን የሚገኘው የዳግስቱል ማዕከል የሚያሳትመው ሊፒክስ የተባለው የጉባኤ መድበል ተከታታይም ለማንም ክፍት ነው፤ የቅጂ መብቱም ደራሲው ጋ ይቀራል። መንገዱ አለ።

መልሳችሁን እንገምታለን። የሚገቡት ጽሑፎች በዝተዋል፤ ገምጋሚዎች ደክመዋል፤ በሆነ መንገድ መቀነስ አለበት። እውነት ነው። ግምገማ ሸክም መሆኑን እናውቃለን፤ ከተሸካሚዎቹ እኛም አለንበት። ያለ ክፍያ፣ በሌሊት፣ በዕረፍት ቀን። ግን ሸክሙን ለመቀነስ የጥቅም ክፍል መጨመር ምን ይረዳል? ገምጋሚው የሚያነበው አንድ ክፍል ተጨመረበት። አባሪ መከልከልም ንባብ የሚቀንስ ይመስላል እንጂ ያልተሟላውን ማረጋገጫ በግምት ለመሙላት ሰው ሌሊቱን እንዲያድር ያደርጋል። የምር ድካም ለመቀነስ ከሆነ ኮሚቴውን አስፉት። ከእኛ ወገን ሊያነብ ፈቃደኛ የሆነ ሰው አይጠፋም። ዝርዝሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከናል።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የጥቅም ክፍሉ ግዴታነት ይነሳ። ሊጽፈው የወደደ ይጻፈው፤ ነጥብ ግን አይሰጥበት። መመዘኛው ለሁለቱም ወገን አንድ ይሁን፦ ውጤቱ ትክክል ነው ወይ፣ አዲስ ነው ወይ፣ ሌላ ሰው ሊሠራበት የሚችል ሐሳብ ይዟል ወይ።

የፕሮግራም ኮሚቴው ከቀጣዩ ዙር ጀምሮ ከሁለቱም መስኮች በተመጣጠነ ቁጥር ይዋቀር፤ ከሁለቱ ሰብሳቢዎችም አንዱ ከኮምቢናቶሪክስ ይሁን። ለዘንድሮው ቢያንስ ጥቂት የኮምቢናቶሪክስ ሰዎች ይጨመሩ። ጊዜ አለ።

ዋናው ጽሑፍ በ12 ገጽ ይቆይ ካላችሁ ይቆይ። ሙሉው ማረጋገጫ የሚገባበት አባሪ ግን ያለ ገጽ ገደብ ይፈቀድ፤ ገምጋሚውም አባሪውን ሳያይ ማረጋገጫው አልተሟላም ብሎ ጽሑፍ እንዳይጥል በመመሪያው ላይ ይጻፍ። ወደ መጽሔት መላክ ለሚፈልግ ደራሲ የአንድ ገጽ አጽሕሮት አማራጭ ይሰጠው።

የክፍት ጥያቄዎች ምሽት ወደ ፕሮግራሙ ይመለስ። የስፖንሰሮች ገለጻ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሆን አንቃወምም።

ቪዛ ለተከለከለ ወይም ቀጠሮ ላላገኘ፣ ለታመመ፣ ሕፃን ለያዘ ሰው በርቀት ማቅረብ ይፈቀድ። የተቀባይነት መልስ ከጉባኤው ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ይነገር። የግብዣ ደብዳቤም ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘ በሳምንቱ ይላክ። የድጎማው ጉዳይ ይገለጽ፤ መድበሉን ለሁሉም ክፍት ማድረግም በቀጣዩ የተሳታፊዎች ስብሰባ ላይ ለውይይት ይቅረብ።

የጽሑፍ ማስገቢያው ቀን እየቀረበ ስለሆነ፣ ቢያንስ በጥቅም ክፍሉና በአባሪው ጉዳይ ላይ ከዚያ ቀን በፊት ውሳኔያችሁን እንጠብቃለን። መልሱን ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ተሳታፊ በሚደርስ መንገድ አውጡት። እስከዚያው ጽሑፎቻችንን እያዘጋጀን ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ የጥቅም ክፍሉን ባዶ ትተው እንደሚያስገቡ ከወዲሁ ነግረውናል፤ ስታዩት የተረሳ እንዳይመስላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

በጉባኤው የሚሳተፉ የኮምቢናቶሪክስና የንድፈ ሐሳባዊ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ ገምጋሚዎችና የዶክትሬት ተማሪዎች